ለእትዬ የሚሆን ኮምፒውተር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ግዢ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት «ኮምፒውተር ምረጪልኝ» ብለውኝ ነበር። እናቴ «እትዬ» እያለች ስለምትጠራቸው እኛም ልጆቿ «እትዬ» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው 71 ነው። የሚኖሩት እዚሁ ሮም ነው። ከእናንተም መካከል ለአያቱ፣ ለአጎቱ ወይም ለእናቱ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚመርጥ ስለማይጠፋ፣ እንዴት እንደመረጥን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እትዬ ከደሴ ተነሥተው ወደ ሮም የመጡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች በጣሊያኖች ቤት ለመሥራት ይመጡ ነበር። እሳቸውም የሰው ልጅ አሳድገው፣ የሰው ቤት ጠብቀው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጣሊያንኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። አማርኛ በልጅነታቸው በቄስ ትምህርት ቤት ስለተማሩ የእጅ ጽሑፋቸው በጣም ያምራል።

ታዲያ ኮምፒውተር ለምን አስፈለጋቸው? እንዲህ አሉኝ፦ «ጡረታዬ ስንት እንደገባ ለማየት የጎረቤት ልጅ እጠብቃለሁ። ለባንኩ ደግሞ ሌላ ሰው እለምናለሁ። የይለፍ ቃሌን ሦስት ሰው ያውቀዋል። ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ኖሬ፣ አሁን በገዛ ገንዘቤ ላይ እንግዳ ሆንኩ።»

ይህን ስሰማ ጉዳዩ የዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እትዬ የሚፈልጉት ጉዳያቸውን በራሳቸው እጅ ማድረግ ነው።

ከዕቃው በፊት ሰውን መጠየቅ

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በችኮላ የታሰረ ቀበቶ በችኮላ ይፈታል ማለት ነው። በችኮላ የተገዛ ዕቃም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ቡና ተፈልቶ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዤ እነዚህን ጥያቄዎች ጠየቅኋቸው፦

1. ኮምፒውተሩን ለምን ለምን ሥራ ይፈልጉታል?
2. ዓይንዎ እንዴት ነው? በመነጽር ነው የሚያነቡት?
3. እጅዎን ወይም ጣትዎን ያምዎታል?
4. የት ይቀመጣል? አጠገቡ ሶኬት አለ?
5. ምን ያህል ገንዘብ አስበዋል?
6. ሲቸግርዎ ማንን ይጠራሉ?

ጥያቄዎቹን የጻፍኩት በአክብሮት አነጋገር ነው። «ትፈልጊያለሽ» ሳይሆን «ይፈልጋሉ»፣ «ዓይንሽ» ሳይሆን «ዓይንዎ» ብያለሁ። እናንተም ትልቅ ሰው ስትጠይቁ እንደዚህ በሉ።

መልሳቸው ይህ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ የጡረታና የባንክ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የሴቶች ማኅበራቸው ሒሳብ ነው፤ ጸሐፊዋ እሳቸው ስለሆኑ መዋጮውን በደብተር ይመዘግባሉ። ሦስተኛው ደሴ ካለው ወንድማቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ነው። አራተኛውን ቀስ ብለው ነው የነገሩኝ። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ይፈልጋሉ። «በእጅ ጽፌው ነበር፤ ግን እዚህ የተወለዱት ልጆች የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። የታተመ ፊደል ግን ያነባሉ» አሉ።

ይህ እናንተንም ይመለከታል። ብዙዎቻችሁ አማርኛ የተማራችሁት ከመጽሐፍና ከስክሪን ነው። የአያቶቻችሁ ደብዳቤ ግን በእጅ የተጻፈ ነው።

ዓይናቸው ላይ ሞራ ተገፎላቸዋል፤ ለንባብ መነጽር ያደርጋሉ። ብርድ ሲሆን ጣታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ቦታው በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ናት። ገንዘቡ ከ700 ዩሮ መብለጥ የለበትም። ሲቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነው።

ለምን ላፕቶፕ አልሆነም?

ላፕቶፕ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ ነው። እትዬ ግን የሚጽፉት በአንድ ቦታ ተቀምጠው ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ዝቅ ስለሚል ሰው አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ፊደሉን ለማተለቅም ቦታው ይጠባል። ዴስክቶፕ ላይ ግን ስክሪኑን ለብቻ፣ ኪቦርዱን ለብቻ፣ ማውሱን ለብቻ መምረጥ ይቻላል። አንዱ ቢበላሽ ያ ብቻ ይቀየራል።

ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራም አለ። ገመዱ ጥቂት ስለሆነ ደስ ይላል። ነገር ግን ስክሪኑ ሲበላሽ ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያላትን ትንሽ ዴስክቶፕ መረጥን። ከስክሪኑ ጎን ትቀመጣለች፤ ድምፅም የላትም ማለት ይቻላል።

ወጥ ቤትና ጓዳ

አንድ ሱቅ ስንገባ ሻጩ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ትልቅ ሣጥን አሳየን። ለጌም ተጫዋቾች የተሠራ ነው። እትዬ አይተው «ይህ የገና ዛፍ ነው ወይስ ኮምፒውተር?» አሉ። እሳቸው ለሚሠሩት ሥራ እንዲህ ያለ ውድ የምስል ካርድ አያስፈልግም።

በሣጥኑ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች በወጥ ቤት ምሳሌ አስረዳኋቸው። ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪዋ ናት። ራም የሚባለው የምትሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ ድስቱም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ማከማቻው ደግሞ ጓዳ ነው፤ እህሉ እስኪፈለግ ድረስ እዚያ ይቀመጣል።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ይህ ግን ለመነሻ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሥራው ይንቀረፈፋል። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቪዲዮ ጥሪ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል 16 ቢሆን ይሻላል። ማከማቻው ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ኤስኤስዲ ከድሮው የሚሽከረከር ዲስክ በጣም ይፈጥናል፤ እትዬም ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ሻይ አፍልተው አይጠብቁም።

አዲስ ሳይሆን ታድሶ የሚሸጥ ኮምፒውተር መረጥን። ጣሊያኖች «ሪኮንዲሲዮናቶ» ይሉታል። መሥሪያ ቤት የተጠቀመበት ኮምፒውተር ተፈትሾና ጸድቶ እንደገና ይሸጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ የሚገዛው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን በይፋ መቀበል አለበት። ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈለጋል። የባንክ ሥራ የሚሠራበት ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝ መሆን አለበት።

ስክሪኑ ለዓይን፣ ዓይኑ ለፊደል

ለስክሪኑ 27 ኢንች መረጥን። ምክንያቱ የእኛ ፊደል ነው። ቡ፣ ቢ እና ቤን ተመልከቱ። ቡ በቀኝ ጎኗ መካከል ትንሽ ጭረት አላት። የቢ ጭረት ከእግሯ ሥር ናት። ቤ ደግሞ እዚያው እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ፊደሉ ካነሰ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ጣሊያንኛ በሚነበብበት መጠን አማርኛ ሲነበብ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ የሁሉንም ነገር መጠን ወደ 150 በመቶ ከፍ አደረግነው።

የስክሪኑ እግር ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ጫፍ ከዓይን ጋር እኩል ይሁን ይባላል። የእትዬ መነጽር ግን የንባብ ክፍሉ ከታች ስለሆነ ስክሪኑን ትንሽ ዝቅ አደረግነው። ርቀቱ የአንድ ክንድ ያህል ነው። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን እንዳያንጸባርቅም ስክሪኑን ወደ ጎን አዞርነው።

በሮም የታተመው ፊደላችን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፤ በአማርኛ መጻፍ። እትዬ «ይህ የጣሊያን ኪቦርድ አማርኛ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ያውቃል! እንዲያውም የግዕዝ ፊደልና የሮም ወዳጅነት የቆየ ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እዚሁ ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነበር። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ነው። ግዕዝ የተማረው በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። ከዚያም በ1548 እና በ1549 ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በግዕዝ በዚህችው ከተማ አሳተሙ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፊደል ከብረት ይሠራ ነበር። ዛሬ ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 ተቀብሏል። ስለዚህ እትዬ ሮም ውስጥ የጻፉት ደሴም በትክክል ይነበባል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ቋንቋዎች ገብተን አማርኛን ጨመርን። ክፍያ የለውም። ኪይማን የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራምም አለ። ሁለቱም በድምፅ ይሠራሉ፤ በላቲን ፊደል ኤስና ኢ ሲጫኑ «ሰ» ይመጣል፣ ኤልና ኤ ሲጫኑ «ላ»፣ ኤም ብቻ ሲጫኑ «ም»። «ሰላም» ተጻፈ ማለት ነው። «ች» የሚመጣው በጣሊያኖቹ «ቻው» የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነ እትዬ ቶሎ ያዙት። የአንዳንድ ምልክቶች ቦታ ግን በኪቦርዱ ላይ ከታተመው ሊለይ ይችላል፤ እነሱን በትንሽ ወረቀት ጽፈን አጠገቡ ለጠፍን።

አንድ ችግር ቀረ። «ጥ» ወይም «ጭ» ለመጻፍ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ሌላ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። አማርኛ እነዚህን ድምፆች ደጋግሞ ይጠቀማል፤ ጣቱን ለሚቆረጥመው ሰው ይህ ከባድ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ማስተካከያ አለ። ሲበራ ሺፍትን አንዴ ነክቶ መልቀቅ፣ ከዚያ ፊደሉን መንካት ይቻላል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ቀረ። ገንዘብ ያልወጣበት፣ ግን እትዬን ከሁሉ የበለጠ ያስደሰታቸው ነገር ይህ ነው።

ኪቦርዱ ራሱ ባለ ትልልቅ ፊደል ነው፤ ቁልፎቹም ለስላሳ ናቸው። ማውሱን ሱቅ ውስጥ በእጃቸው ይዘው ሞከሩት። ማውስ እንደ ጫማ ነው፤ ለሌላ ሰው የተመቸ ለእናንተ ላይመች ይችላል።

ብዙ ሰው የሚረሳቸው ዕቃዎች

ላፕቶፕና ስልክ ካሜራና ማይክሮፎን አላቸው። ዴስክቶፕ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ከወንድማቸው ጋር እንዲያወሩ ማይክሮፎን ያለው ካሜራ ገዛን። ስክሪኑ የራሱ ስፒከር ስለነበረው ሌላ አላስፈለገም።

ለፕሪንተሩ ጥቁርና ነጭ የሚያትም የሌዘር ዓይነት መረጥን። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያትም ሰው ሲጠቀምበት ቀለሙ ይደርቃል። የሌዘሩ ቀለም ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። እትዬ የማኅበሩን ሒሳብ የሚያትሙት በወር አንዴ ነው።

በጣሊያን ብዙ ቤቶች የኤሌክትሪክ ውላቸው 3 ኪሎዋት ነው። ምድጃና ልብስ ማጠቢያ አንድ ላይ ሲሠሩ ቆጣሪው መብራቱን ያጠፋል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አይነካውም፤ ዴስክቶፕ ግን ያን ጊዜውኑ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ገዛን። ዩፒኤስ ይባላል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላለ ዘመድ የምትገዙ ከሆነ ይህ ዕቃ ከሁሉም በፊት ይታሰብ።

የመሰኪያውንም ነገር አትርሱ። ከኮምፒውተር ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ ክብ የጀርመን መሰኪያ አለው። በድሮ የሮም ቤት ያለው ሶኬት ግን ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር ነው፤ አይገጥምም። አዳፕተር ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ ኮምፒውተሩ 300፣ ስክሪኑ 140፣ ፕሪንተሩ 120፣ ዩፒኤሱ 60፣ ኪቦርድና ማውሱ 35፣ ካሜራው 30 ዩሮ። በድምሩ 685 ዩሮ ነው። ከቀረው 15 ዩሮ አዳፕተሩንና ወረቀቱን ገዛን።

ስትገዙ ይህን እወቁ

በጣሊያን ሕግ ነጋዴ ለሸማች በሚሸጠው አዲስ ዕቃ ላይ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለ። ያገለገለ ዕቃ ሲሆን በስምምነት ሊያጥር ይችላል፤ ከ1 ዓመት ግን አያንስም። ስለዚህ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መመለስ ይቻላል። ሱቅ ገብተው የገዙትን ግን ሐሳብ ስለተለወጠ ብቻ የመመለስ መብት የለም፤ ሱቁ ራሱ ከፈቀደ ነው። እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ መዞር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ዋስትናም አይሰጥም።

በቤተሰባችሁ ውስጥ በሕግ 104 የአካል ጉዳት እውቅና ያለው ሰው ካለ፣ ራሱን ችሎ እንዲኖር የሚረዱትን የኮምፒውተር መሣሪያዎች በ22 ፋንታ በ4 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መግዛት ይችላል። ሰነድ ስለሚጠየቅ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። አሮጌ ዕቃ ካላችሁ ደግሞ ተመሳሳይ አዲስ ስትገዙ ሱቁ አሮጌውን በነፃ የመቀበል ግዴታ አለበት።

የይለፍ ቃሉ የማን ነው?

ኮምፒውተሩ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው የይለፍ ቃሉን መቀየር ነው። እትዬ አዲሱን ሲጽፉ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያሳደጉኝ ሰው ቢሆኑም፣ እኔም ቢሆን ማወቅ የለብኝም። ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኢንፕስ ገጽ የሚገቡት «ስፒድ» በሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው። ማረጋገጫው በስልክ ስለሚመጣ ስልካቸው አጠገባቸው መሆን አለበት። አንድ ቀን አቅም ቢያንሳቸው ኢንፕስ ሌላ ሰው በይፋ እንዲወክሉ ይፈቅዳል። የይለፍ ቃልን ለሰው ከመስጠት ይህ በጣም ይሻላል።

ሳስተምራቸው ማውሱን ከእጃቸው አልወሰድኩም። የሚነካው የእሳቸው እጅ ነው፤ የእኔ ሥራ መናገር ብቻ ነው። «ጠቅ ያድርጉ»፣ «ወደ ታች ይውረዱ»፣ «ያስቀምጡት»፣ «ይዝጉት» እላለሁ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ እናጠናለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ!

ዛሬ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። የጡረታ ወረቀታቸውን ራሳቸው ከፍተው አንብበዋል። የማኅበሩን መዋጮ በሰንጠረዥ መመዝገብ ግን ገና አልወደዱትም፤ «ደብተሬ ይሻለኛል» ይላሉ። ይሁን፤ ደብተሩም አለ። ከታሪካቸው አንድ ገጽ ተኩል ጽፈዋል። እስካሁን የደረሱት ደሴ ላይ አውቶቡስ ከተሳፈሩበት ቀን ነው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከላይ ካሉት ስድስት ጥያቄዎች ሦስቱን መርጣችሁ አንድ ትልቅ ዘመዳችሁን በአማርኛ ጠይቁ። ኮምፒውተር ባትገዙም ጠይቁ። መልሱን በራሳችሁ እጅ ጻፉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አንብቡላቸው። ያልገባችሁ ቃል ካለ እነሱው ይነግሯችኋል።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።